ልብ አንጠልጣይ ፊልምና የመተማ መንገድ

ስለ ሲኒማ በሚነገርበት ጊዜ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ፊልሙ ረዥም፥ ዝግ ያለና ምክር የሚበዛበት ከሆነ «ቁም ነገር ያለው» ብሎ ማክበር፤ ፈጥኖ የሚሄድ፥ ትንፋሽ የሚያሳጥር፥ ተጀመረ ሲባል የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ «የጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ መናቅ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል መስሎ አይታየንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው የፊልም ዐይነት፥ ይልቁንም ትርፍ ነገር የማይወደው ቀጠን ያለው ወገን፥ ተመልካችን የሚስብበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ልንመረምር አስበናል።

ምርመራችን በአየር ላይ ተንሳፎ እንዳይቀር ከአንድ ሥፍራ ጋር እናያይዘዋለን። ሥፍራው መተማና በሱዳን ወሰን ላይ የተዘረጋው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የአገሩ ኑሮ ራሱ በጊዜ ገደብ የሚገፋ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፥ በብዙ አገር የታየ አንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ታሪኩን የወሰደው ከጎንደር ደጋ ወደዚህ ቆላ ወርደው ሱዳን ከተሻገሩ ሰዎች ስለ ሆነ ነው። ለአንባቢ እንዲመች የፊልሞችን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ታሪክ ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

፩. ዐይነቱ ምንድን ነው?

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ማለት ተመልካቹ «ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ በሥጋት እንዲጠብቅ የሚያደርግ ፊልም ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ግን ብዙ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፥ በአምስት አገር የሚዞር፥ መኪና የሚገለበጥበትና ሕንፃ የሚፈርስበትም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ የምንናገረው ሦስት ነገር ብቻ ይዞ ስለሚነሣው ነው። እነርሱም አንድ ጉዳይ፥ አንድ የጊዜ ገደብና አንድ መንገድ ናቸው። ጉዳዩ ሰው ማዳን፥ ዕቃ ማድረስ ወይም ማምለጥ ሊሆን ይችላል። ገደቡ የባቡር ጉዞ ወይም አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። መንገዱም መነሻውና መድረሻው የታወቀ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ለአንዱ የማያገለግል ነገር ሁሉ ከፊልሙ ይወጣል።

ለምሳሌ ያህል አልፍሬድ ሂችኮክ በ1935 ያቀረበውን «ዘ ሰርቲ ናይን ስቴፕስ» እንውሰድ። በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ አንድ ሰው ከፖሊስም ከሰላዮችም እየሸሸ ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል። የሰውየው አስተዳደግ፥ ዘመዶቹ፥ የቀድሞ ኑሮው አይነገረንም። እኛም አንጠይቅም። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ያልቃል። በ1952 ሪቻርድ ፍላይሸር ያቀረበው «ዘ ናሮው ማርጂን» ደግሞ አንድ የፖሊስ ሰው የወንበዴ ሚስት የነበረችን ምስክር ከቺካጎ እስከ ሎስ አንጀለስ በባቡር እንዴት እንደሚያጅብ ያሳያል። ታሪኩ ከሞላ ጎደል ከባቡሩ አይወርድም። የባቡሩ ጠባብ መተላለፊያ ራሱ የፊልሙ ጭንቀት ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚስማማው በ1953 አይዳ ሉፒኖ ያቀረበችው «ዘ ሂች-ሃይከር» ነው። ሉፒኖ በዚያ ዘመን በሆሊውድ ፊልም ያዘጋጁ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ዓሣ ለማጥመድ የወጡ ሁለት ወዳጆች በመንገድ ላይ አንድ ሰው ያሳፍራሉ። ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው። በሽጉጥ አስገድዶ ወሰን አሻግሮ በሜክሲኮ በረሓ ይነዳቸዋል። የአንድ ዐይኑ ሽፋን ስለማይከደን ሌሊት ይተኛ ወይም ይንቃ ሊያውቁ አይችሉም። በዚህች በአንዲት ዐይን ምክንያት መሸሽ የሚቻልበት ሌሊት ሁሉ የማይቻልበት ይሆናል። ብዙ ተኩስና ብዙ ገንዘብ ሊያመጣው ያልቻለውን ፍርሃት አንድ ዐይን አመጣው። ይህም ፊልም «ዘ ናሮው ማርጂን»ም እያንዳንዳቸው 71 ደቂቃ ያህል ናቸው።

ይህ ቅጥነት ከየት መጣ ቢባል በመጀመሪያው ከጥበብ ሳይሆን ከድኽነት ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ መግቢያ ዋጋ ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። ዋናው ፊልም ታላላቅ ተዋንያንና ብዙ ገንዘብ ሲመደብለት፥ ተከታዩ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀን ይሠራ ነበር። አዘጋጁ ብዙ ሥፍራ ለመቀያየር፥ ብዙ ሰው ለማሰለፍ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ የግድ መምረጥ ነበረበት። መምረጥን ከችግር የተማሩት ግን በኋላ ጥበብ አደረጉት። ይህ ነገር አቅሙ ውሱን ለሆነው ለእኛ አገር ሲኒማ ትልቅ ትምህርት ነው።

፪. በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ይህ ዐይነት ፊልም የውጭ አገር ጠባይ ነው፥ የእኛ ሰው ዝግ ያለውን ይወዳል ይላሉ። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም። ሁለት ማስረጃ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቅኔ ነው። ጎንደር የቅኔ አገር ነው። ከቅኔ ዐይነቶች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ጀማሪው ተማሪ በእርሱ ይጀምራል፤ ነገር ግን ሊቁም በእርሱ ይፈተናል። በሁለት ቤት ውስጥ ትርፍ ቃል ያስገባ ሰው መምህሩ ሳይነግረው ጉድለቱ ይታወቃል። እንግዲህ ማሳጠር የድንቁርና ምልክት ሳይሆን የብስለት መለኪያ መሆኑን ሕዝባችን ሲኒማ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ሌባ ይፈለግበት በነበረው በዚህ ሥርዐት አንድ ልጅ መድኀኒት ይጠጣና በገመድ ተይዞ ይለቀቃል። ሹሙም ተበዳዩም ሰፈርተኛውም ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ሥርዐት ብዙ ንጹሕ ሰው ያስጠቃ ግፍ ስለ ነበረ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን የተከታዩን ሕዝብ ሁኔታ እናስብ። በየደጃፉ የቆመው ሁሉ «ወደ እኔ ይመጣ ይሆን?» እያለ ይጠብቃል። አንድ ጉዳይ፥ አንድ መንገድ፥ የልጁ ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ የሚቆይ አንድ ገደብ አለ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚሠራበት ስሜት ይኸው ነው። ከዚህም ምሳሌ አንድ ማስጠንቀቂያ እንማራለን። የሰው ልብ መንጠልጠሉ ነገሩ እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በጽሑፍም ቢሆን ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልቦለዶቻቸው፥ ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪክ መጻሕፍታቸው ብዙ አንባቢ እንዳፈሩ የታወቀ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን መንገድ ከለመደው ቆይቷል።

፫. አጭር ማለትና ትርፍ የሌለው ማለት

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «ሰው አጭርና ፈጣን ፊልም ይወዳል ካላችሁ፥ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፥ ዘፈን የሚበዛበት የሕንድ ፊልም በአገራችንም በሱዳንም ለምን ይህን ያህል ተወደደ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን የደቂቃ ቁጥር መለኪያ አይደለም የሚል ነው።

በ1953 አንሪ-ዦርዥ ክሉዞ ያቀረበው የፈረንሳይ ፊልም «የፍርሃት ደመወዝ» ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። አራት ችግረኞች በሁለት የጭነት መኪና በትንሽ ንቅናቄ የሚፈነዳ ናይትሮግሊሰሪን ጭነው፥ እሳት ወደ ተነሣበት የነዳጅ ጉድጓድ ለማድረስ ይቀጠራሉ። መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ረዥም ጊዜ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ በሌለበት ከተማ ውስጥ ሰዎች በሙቀት ሲቀመጡ፥ ሲበደሩ፥ ሲጣሉ እናያለን። ይህ ትርፍ ነውን? አይደለም። ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ ለምን እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚቀበል የሚገባን በዚህ ነው። ያ ክፍል ቢወጣ ጉዞው የመኪና ትርኢት ብቻ ይሆን ነበር። እንግዲህ ትርፍ ማለት ረዥም ማለት አይደለም። ትርፍ ማለት ቢወጣ የማይጎድል ማለት ነው። በሕንድ ፊልም ውስጥም ዘፈኑ የሚወደደው ለታሪኩ ሲያገለግል ነው፤ አለበለዚያ ተመልካቹ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል።

፬. ቋንቋ የማይጠይቅ ፊልም

በአገራችን ትናንሽ ከተሞች ሲኒማ ቤት ባልነበረበት ቦታ ቪዲዮ ቤት ነበረ። አንድ ክፍል፥ አንድ ቴሌቪዥን፥ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፥ በደጃፉ ላይ የተለጠፈ ሥዕልና የጥቂት ሳንቲም መግቢያ ነበረው። በእነዚህ ቤቶች ሲታዩ ከነበሩት አንዱ በ1985 የወጣው «ኮማንዶ» ነው። አርኖልድ ሽዋርዝኔገር የሚጫወተው የቀድሞ ወታደር ልጁ ትታገትበታለች። አጋቾቹ በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ለግድያ ሲልኩት ሊነሣ ሲል ዘልሎ ይወርዳል። አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ 11 ሰዓት አለው። ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። አባት፥ ልጅና ሰዓት ይበቃሉ።

ስለ «ኮማንዶ» ጥበብ ብዙ የሚመሰገን ነገር የለም። ሰዎቹ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ፤ ማን እንደ ሞተም አይጠየቅም። ሆኖም ግንባታው አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። ጉዳዩ፥ ገደቡና መንገዱ ግልጽ ሲሆኑ ፊልሙ ያለ አስተርጓሚ ይሄዳል። እንደ መተማ ባለ ከተማ አማርኛ፥ ዐረብኛ፥ ትግርኛና ጉሙዝኛ የሚናገር ሰው በአንድ ገበያ ይገናኛል። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከገዳሪፍ ከመጣው ነጋዴ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሻይ ይጠጣል። እንደዚህ ባለ ቦታ በንግግር የሚገፋ ፊልም ግማሹን ሰው በውጭ ያስቀራል። በድርጊት የሚገፋው ግን ሁሉን ያስገባል። ስለዚህ የቅጥነት አንዱ ማራኪነት ለሁሉ እኩል የሚከፈት መሆኑ ነው ብለን እናምናለን።

፭. የቆላው ሰዓት

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ በጭልጋና በገንዳ ውኃ አድርጎ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ ይወርዳል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አየሩ፥ ዛፉ፥ በሽታው፥ የሰው አለባበስ ይለወጣል። በመጨረሻው በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል ትንሽ ጅረትና ድልድይ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ፥ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሕግ ነው። ለልብ አንጠልጣይ ፊልም ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚፈልግ ሰው ብዙ የሚያገኝ አይመስለንም።

የጊዜ ገደብም በአገሩ ውስጥ አለ። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ያለበት ከረጢት ደርቆ ይከፈታል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ባሉት ጥቂት ቀኖች ውስጥ ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። የዓመት ልፋት በቀኖች ይወሰናል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሠራተኛ ለማግኘት ይሻማል፤ ሠራተኛውም ዋጋ ከፍ እንዲልለት ይጠብቃል። ሠራተኛው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ወባና ካላዛር ቆላውን ያልለመደውን ሰው ፈጥነው ይይዙታል። የባለ እርሻው ሰዓትና የሠራተኛው ሰዓት ሲጋጩ ያለ አንድ ጥይት ፊልም ይሆናል።

የቦታው ታሪክም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመተማ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ድሉ ወደ እርሳቸው ባጋደለበት ሰዓት በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ተበተነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከቁስሉ አልዳኑም። አንድ ደራሲ ይህን ከልቡ ፈጥሮ ቢጽፈው «እጅግ በጣም ተገጣጠመ» ተብሎ በተነቀፈ ነበር።

፮. አንድ ፊልም በሚዛን ላይ

በ2019 ጊዲዮን ራፍ ጽፎ ያዘጋጀው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» በኔትፍሊክስ ለዓለም ታየ። የተመሠረተበት ታሪክ እውነተኛ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ጀምሮ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው እየወጡ በቆላው አድርገው በእግር ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ሌሊት እየተጓዙ ቀን ይደበቁ ነበር። አንዳንዱን መሪ ከዳው፤ ሌላውን ሽፍታ ዘረፈው። ሱዳን ሲደርሱም በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት በኡም ራኩባና በተዋዋ ካምፖች ተቀመጡ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በቀይ ባሕር ዳር አሩስ በተባለ ስፍራ የጠላቂዎች መዝናኛ ሆቴል ተከራይቶ፥ በእርሱ ሽፋን ሰዎችን በጀልባ፥ በኋላም በአውሮፕላን አወጣ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ደግሞ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት እስከ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ የመረጠው የሆቴሉን ክፍል ነው። ክሪስ ኢቫንስ የሚጫወተው የስለላ ሰው አሪ ሌቪንሰን ባልደረቦቹን ሰብስቦ ባዶውን ሆቴል ይይዛል። ሳይታሰብ እውነተኛ ቱሪስቶች ስለሚመጡ ሰላዮቹ የሆቴል ሠራተኞች ሆነው ያስተናግዳሉ። ሌሊት ሌሊት ከካምፕ ሰው ጭነው ወደ ባሕር ይነዳሉ። አንድ የሱዳን ኮሎኔልም ይከታተላቸዋል። በሥራው ላይ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ የሚጫወተው ካበደ ቢምሮ ይረዳቸዋል። ይህ ሰው በእውነተኛው ታሪክ መምህር በነበሩትና ቀድመው ወደ ሱዳን በመሻገር ለሌሎች መንገድ በከፈቱት፥ በ2001 ዓ.ም. ባረፉት በአቶ ፈረደ አክሉም ታሪክ ላይ እንደ ተመሠረተ የታወቀ ነው።

ፊልሙ ፈጣን ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ፈጣን መሆንና ቀጭን መሆን ልዩ ልዩ ናቸው። ሁለት ሰዓት ከሚያልፈው ጊዜው ውስጥ ትልቁን ክፍል የወሰዱት የሰላዮቹ ቀልድ፥ የሆቴሉ መስተንግዶና የአለቆች ክርክር ናቸው። በእኛ መለኪያ ይህ ትርፍ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚሮጠው ሰዓት የአዳኙ ሰዓት ነው። የምንጨነቀው አሪ ይያዝ ይሆን፥ መኪናው በኬላ ያልፍ ይሆን ብለን ነው። በመኪናው ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች ስም የላቸውም ማለት ይቻላል። ሳምንታት በእግር የሄዱት እነርሱ ሲሆኑ፥ ጉዞው ግን የአሽከርካሪው ሆነ።

ስለ መሬቱም እንዲሁ እንላለን። ፊልሙ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካና በናሚብያ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ፊልም ከታሪኩ ሥፍራ ውጭ ይቀረጻል። ነገር ግን ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የዚህ ታሪክ ዋና አደጋ ነበር። ብርድ የለመደ አካል ወደ ሙቀት፥ ወባ የማያውቅ ደም ወደ ወባ ሲወርድ እያንዳንዱ ቀን ሰው ይቀንሳል። ከዚህ የበለጠ የጊዜ ገደብ የት ይገኛል? ፊልሙ ይህን በእጁ ሳለ ተወው። መንገዱን ሳያሳይ መድረሻውን አሳየ።

ለማነጻጸር ያህል ራዱ ሚኻይሌአኑ በ2005 ያቀረበውን «ኑርና ሁን» ብለን ልንጠራው የምንችለውን የፈረንሳይና የእስራኤል ፊልም እናንሣ። ታሪኩ በሱዳን ካምፕ ይጀምራል። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍ ብላ ቤተ እስራኤል መስሎ ከሚሄዱት ጋር እንዲገባ ትገፋዋለች። ልጇ በቅርቡ የሞተባት ሐና የምትባል ሌላ ሴት እንደ ልጇ አድርጋ ትይዘዋለች። ልጁ ይታወቅበት ይሆን? ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ፥ በጥቂት ቃል ይፈጸማል። ሽጉጥም ማሳደድም የለበትም። ሆኖም በእኛ አስተያየት ከሆቴሉ ፊልም ይልቅ ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አደጋው ያለበት ሰውና የምንከተለው ሰው አንድ ስለ ሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ረዥም የሕይወት ታሪክ ይሆናል፤ መጀመሪያው ግን ለቀጭን ፊልም አዘጋጅ ሁሉ ትምህርት ነው።

፯. ሰዓቱ የማን ነው?

እንግዲህ የምርመራችን ፍሬ ይህ ነው። ቀጭን ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚስበው ስለሚፈጥን ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ለጥቂት ጊዜ የሌላውን ሰው ሰዓት ተሸክሞ እንዲሄድ ስለሚያደርግ ነው። በ«ሂች-ሃይከር» የተያዙት ሰዎች ሌሊት የእኛ ሌሊት ይሆናል። «የፍርሃት ደመወዝ» ውስጥ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እኛም እንገጫገጫለን። ሰዓቱ ከባለቤቱ ተወስዶ ለሌላ ሲሰጥ ግን ፊልሙ ቢፈጥንም ባዶ ይሆናል።

ሂችኮክ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው የታወቀ ውይይት ድንጋጤንና ሥጋትን ለይቷል። በጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ሳናውቅ ቢፈነዳ ለቅጽበት እንደነግጣለን፤ መኖሩን አስቀድመን ብናውቅ ግን እስኪፈነዳ ድረስ እንጨነቃለን። ይህን ወደ ቆላው መንገድ ብናመጣው፥ ተጓዦቹ ሳያውቁ መሪያቸው ከሽፍታ ጋር መዋዋሉን ተመልካቹ ቢያውቅ፥ በየዛፉ ሥር የሚደረገው ዕረፍት ሁሉ ሥጋት ይሆናል። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ መሪ፥ አንድ ቤተ ሰብ፥ አንድ ቅል ውኃና አንድ ሌሊት ይበቃል። የሳምንታት ጉዞ ለቀጭን ፊልም አይመችም የሚል ቢኖር መልሱ ይኸው ነው፤ ሳምንቱን ሁሉ አታሳይ፥ ሌሊቱን ምረጥ።

ይሁንና የዚህን ዐይነት ፊልም ድንበርም ልንሰውር አይገባም። በኡም ራኩባ ብዙውን ሰው የገደለው ማሳደድ ሳይሆን መጠበቅ ነው። በሽታና ረኀብ ቀስ ብለው ይሠራሉ። ፈጣን ፊልም ከመጠበቅ ይሸሻል። ስለዚህ በካምፕ የሞቱትን ታሪክ ሁሉ በዚህ ስልት እንናገር ብንል እውነቱን እናጎድላለን። የሌባ ሻዩ ሕዝብ ልቡ ተንጠልጥሎ ልጁን ስለ ተከተለ ሌባው ተገኘ ማለት እንዳልነበረ ሁሉ፥ ተመልካች ስለ ተጨነቀ ታሪኩ በትክክል ተነገረ ማለት አይደለም። ለዝግታው እንደ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ያለ ፊልም ያስፈልጋል። ሁለቱ ስልቶች ተተካኪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ ናቸው።

በአገራችንም ይህን መንገድ የሞከሩ አሉ። ይድነቃቸው ሹመቴ በ«ስርየት»ና በ«ኒሻን» ልብ አንጠልጣይ አቀራረብን ወደ አማርኛ ፊልም አምጥተዋል። ሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በተባለውና በ2015 በወጣው ፊልማቸው መኪናው የተሰረቀበትን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ተከትለዋል። ታክሲው እንጀራው ነው፤ ካልተገኘ ሌላ የለውም። ይህ ጉዳይ ለማንም ተመልካች ግልጽ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ድርጊቱ ያሳየውን ነገር በንግግር ደግመው ያስረዳሉ። ተዋናዩ አልቅሶ ሲያበቃ ለምን እንዳለቀሰ ይነግረናል። ይህን መተው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተመልካቹን ማመን ብቻ ይጠይቃል።

የመተማ መንገድ ታሪክ አላበቃም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ። ትናንት ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን የሸሹበትን ወሰን ዛሬ ሱዳናውያንና ሌሎች ስደተኞች ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩበት። በምዕራብ ጎንደር የኩመርና የአውላላ ካምፖች ተከፈቱ። በ2016 ዓ.ም. ጸጥታ በማጣት ምክንያት ብዙዎቹ ካምፑን ትተው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። በዚሁ መንገድ ላይ በቅርብ ዓመታት ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የብዙ ቤት ኀዘን ሆኗል። ነገ አንድ አዘጋጅ ይህን አንሥቶ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መሥራቱ አይቀርም። እኛም እንዳይሠራ አንከለክልም፤ እንዲያውም እንዲሠራ እንመኛለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓቱን በአጋቹ ወይም በአዳኙ እጅ አያስረው። ታጋቹ ስንት ቀን እንደ ቀረው በሚቆጥርበት፥ በቤትም እናቱ ብር በምትለምንበት ሰዓት ይለካው።

ለዚህ ደግሞ ከካሜራው አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ አለ፤ እርሱም የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። በመንገዱ የሄዱትን፥ ሰሊጥ ያጨዱትን፥ መኪና የነዱትን፥ ወሰን የተሻገሩትን ጠይቆ ዝርዝሩን መጻፍ ይገባል። ስንት ሌሊት ሄዱ? ውኃ የት አገኙ? መሪውን በምን አመኑት? ስሙ እንዲሰወር የሚፈልግም ሰው ፈቃዱ ሊጠበቅለት ይገባል። ቀጭን ፊልም ጥቂት ነገር ብቻ ስለሚይዝ፥ የሚይዛት እያንዳንዷ ነገር እውነተኛ መሆን አለባት። ብዙ ዕቃ ያለበት ቤት አንድ ሐሰተኛ ዕቃ ቢኖርበት አይታወቅም፤ ሦስት ዕቃ ባለበት ቤት ግን ከደጃፍ ይታያል።